የጉበት ጠባሳ ያለ መርፌ ሲለካ

በፍርድ ቤት ምስክር ሲቀርብ ምን እንዳየ ብቻ ሳይኾን መቼ እንዳየም ይጠየቃል። ምስክሩ እውነተኛ ሰው ቢኾንም፥ ቀኑ ያልታወቀ ቃል ፍርድን ሊያጣምም ይችላልና።

ይህን ያሳሰበኝ አንዲት ጎረቤቴ ከሐኪም ቤት የተሰጣትን ወረቀት ይዛ መምጣቷ ነው። «ወንድሜ፥ እስቲ አንብብልኝ፤ የልጄ ጉበት አለቀለት ማለት ነውን?» አለችኝ። በወረቀቱ ላይ «17 ኪሎፓስካል» የሚል ተጽፎ ነበር። ልጅቱ የ22 ዓመት ወጣት ናት። ዓይኗ ቢጫ በኾነ ጊዜ ዘመዶቿ የወፍ በሽታ ነው ብለው ብዙ ቀን አቈዩአት፤ ኋላ ግን ደሟና በመርፌ የተወሰደ የጉበቷ ቅንጣት ተመርምሮ አውቶኢሚውን ሄፓታይተስ የሚባል ደዌ ተገኘባት። አንድ ዘመድ ደግሞ «ቍጥሩ ከ16 ካለፈ ጉበቱ በጠባሳ ደርቋል» ስላላት፥ እናቲቱ ልጇ ሳትሞት ማልቀስ ጀምራ ነበር።

ይህ ደዌ ሰውነትን ከበሽታ እንዲጠብቁ የተመደቡት የደም ዘበኞች ተሳስተው የገዛ ጉበታቸውን እንደ ጠላት ሲወጉ የሚመጣ ነው። በወጣት ሴቶች ላይ አይቶ በ1950 እ.ኤ.አ. የገለጸው የስዊድኑ ሐኪም ያን ቫልደንስትረም ነው። በማናቸውም ዕድሜ ወንዱንም ሴቱንም ይይዛል፤ ይልቁንም ሴቶች ይበዙበታል። ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ፥ የታመመችውን ልጅ ከገበታ መለየት ከንቱ ጭካኔ ነው። ነገር ግን ዝም ብሎ የሚሠራ ደዌ ነውና፥ ከታማሚዎቹ ሲሶ የሚኾኑት ደዌው በታወቀበት ቀን ጉበታቸው በጠባሳ ጠንክሮ ይገኛል።

ጠባሳውን ለማወቅ የቈየው መንገድ በጐድን አጥንት መካከል መርፌ አግብቶ ቅንጣት ማውጣት ነው። ደዌውን ለይቶ ለማወቅ ዛሬም ይህ አስፈላጊ ነው። ኾኖም የሚወጣው ቅንጣት ከጠቅላላው ጉበት ከ50,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ጥቂትም ቢኾን የደም መፍሰስ ሥጋት አለበት፤ ስለዚህ በየጊዜው እየደጋገሙ ሰውን በመርፌ መውጋት አይቻልም።

በ2003 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሊቃውንት ፋይብሮስካን የተባለውን መሣሪያ ለዓለም አስታወቁ። እናቶቻችን በገበያ ሸክላ ሲገዙ በጣታቸው መትተው ደኅንነቱን እንደሚያውቁ፥ ይህም መሣሪያ ቆዳውን ከላይ በቀስታ መትቶ የሚሄደውን ሞገድ ፍጥነት ይለካል። በለስላሳ ጉበት ውስጥ ሞገዱ ይዘገያል፤ በጠነከረው ውስጥ ይፈጥናል። ታማሚው በጀርባው ይተኛል፥ ቀኝ እጁን ወደ ራሱ ያነሣል፤ ዐሥር ጊዜ ተለክቶ የመካከለኛው ቍጥር ይያዛል። ሕመም የለውም፤ ከጥቂት ደቂቃም አያልፍም። የሚመረምረውም የጉበት ክፍል በመርፌ ከሚወጣው መቶ እጥፍ ያህል ይበልጣል። በአገራችንም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ይህ መሣሪያ አገልግሏል።

እንግዲህ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የሚለካው ጥንካሬን እንጂ ጠባሳን ብቻ አይደለም። የተቈጣና ያበጠ ጉበትም ይጠነክራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የሃምቡርግ ሐኪሞች እንዳስረዱት፥ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚገኘው ቍጥር የሚከተለው የጉበቱን ቍጣ ነው፤ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከታከመ በኋላ ግን ጠባሳውን በእውነት ይመሰክራል። 16 የሚለውም ወሰን የሚታመነው ያን ጊዜ ነው። በዕድሜና በደም ፍሬዎች የሚሰላው ፊብ-4 የተባለው ሒሳብም በዚሁ ቍጣ ምክንያት ሊያሳስት ይችላል።

የልጅቱ ልኬት የተወሰደው መድኃኒቱን በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ሐኪሟም «ገና ምስክሩ የሚሰማበት ቀን አልደረሰም» አላቸው። ነገር ግን ሌላ ፈተና መጣ። ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ፊቷን አሳበጠውና ዘመዶቿ «መልኳን አበላሸው፤ ትተወው» አሉ። እናቲቱ እንደ ገና ወደ እኔ መጣች። እኔም መልክ እንደሚመለስ፥ ጉበት ግን ከተበላሸ እንደ መልክ የማይለመን መኾኑን ነገርኋት፤ ወደ ሐኪሙም መለስኋት። እርሱም መጠኑን በየጥቂቱ እየቀነሰ አዛታዮፕሪን የተባለውን ጨመረላት። ይህን ደዌ ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰለ መድኃኒት እንደሚያስታግሠውና ከሞት እንደሚያድን በለንደን ተደርጎ በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ቍጣው ከበረደም ጠባሳው ራሱ ሊቀንስ እንደሚችል ታውቋል።

በስምንተኛው ወር ልጅቱ ቁርስ ሳትበላ ሄዳ ተለካች፤ ቍጥሩ 7 ኾነ። እናቲቱ ወረቀቱን ዘርግታ አሳየችኝ፤ በዚህ ጊዜ አንብብልኝ አላለችም፥ ቍጥሩን ራሷ ለይታ ነበርና።

ስለዚህ፥ ይህ ደዌ በቤታችሁ ቢገኝ፥ በልኬቱ ወረቀት ላይ ቀኑንና መድኃኒቱ የተጀመረበትን ጊዜ ጻፉ። ከልኬቱ በፊት ሦስት ሰዓት ያህል ከምግብ ተከልከሉ፤ ምግብ ቍጥሩን ከፍ ያደርጋልና። ወረቀቱን ከደሙ ምርመራ ጋራ አብራችሁ ለሐኪም አሳዩ። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ቃል በድንገት ከማቋረጥ ተጠንቀቁ፤ የበረደው እሳት ተመልሶ ይነዳልና። ቀኑ ሳይደርስ በተሰማ ምስክር በልጃችሁ ላይ አትፍረዱ።