ከ«ይበቃዎታል» በፊት

ዕድሜ ሙያተኛን ሲጎበኝ መጀመሪያ የሚነካው ጉልበቱን ይመስለናል። አናጺ ቤት ያደገ ሰው ግን ዓይን እንደሚቀድም ያውቃል። ከ40 ዓመት ወዲያ ቅርብ ያለ ነገር መደብዘዝ ይጀምራል። ጋዜጣ ከሆነ በክንድ ርቀት ይዞ ማንበብ ይቻላል። ማሽን ላይ የተለጠፈ ሚሊ ሜትር ግን መላ የለውም፤ ሲጠጉት ይደበዝዛል፣ ሲርቁት ያንሳል።

እኛ ቤት ችግሩ የመጣው በእንጨት መላጊያው ማሽን በኩል ነው። ማሽኑን ለማያውቁት ላስረዳ። ጣውላው በአንድ በኩል ይገባል፣ በሚሽከረከር ብረት ላይ የታሰሩ ምላጮች የላይኛውን ፊት ይልጉታል፣ በሌላው በኩል ወጥ ውፍረት ይዞ ይወጣል። ውፍረቱን የሚወስነው በምላጩና እንጨቱ በሚያልፍበት ጠረጴዛ መካከል ያለው ክፍተት ነው። መዘውሩ ሲዞር ጠረጴዛው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ስንት ላይ እንደደረሰ የምታሳየው ደግሞ ከጎን በተለጠፈ ማስመሪያ ላይ የምትንቀሳቀስ ቀጭን ጠቋሚ ናት።

የአባቴ ማሽን ማስመሪያ በሰጋቱራና በእንጨት ሙጫ ብዛት ቁጥሩ ደብዝዟል። የንባብ መነጽር አለው፤ ግን ሥራ ሲጀምር ወዲያው አቧራ ይሸፍነዋል። ስለዚህ «ና እስቲ ይቺን አንብብልኝ» ማለት ጀመረ። ቀጥሎ እኔ ከቢሮ እስክመለስ መጠበቅ ጀመረ። የቁም ሣጥን በር ክፈፍ አራቱ እንጨቶች በግማሽ ሚሊ ሜትር ከተበላለጡ መጋጠሚያው ላይ ጣት ይይዘዋል፤ ደንበኛም ያየዋል። አባቴ በግምት ሠርቶ ከሚያፍር ቁጭ ማለትን መረጠ።

ታላቅ ወንድሜ «አሁንስ ይበቃዋል፣ ማሽኑን እንሽጠው» አለ። ክፋት የለበትም፤ ለጣቶቹ ፈርቶ ነው። እናቴ ግን አባቴ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መዋሉን አልወደደችውም። ተነጋግረን መጀመሪያ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። የሩቅ እይታው ደህና ነው፤ የቸገረው የቅርቡ፣ ያውም ያቺ ጠቋሚ ናት። ያኔ ጥያቄያችን ተለወጠ። አባታችን ከማሽኑ ይራቅ ወይ ከማለት፣ ቁጥሩ ለእሱ ይጉላለት ወይ ወደ ማለት መጣን።

መልሱ ዲጂታል መለኪያ ሆነ። ረጅም ጠፍጣፋ ብረትና በላዩ የምትንሸራተት፣ ቁጥሯ ጎላ ብሎ የሚታይ ትንሽ ሳጥን ነው። ከብረቱ ልጣፍ ሥር ትናንሽ የመዳብ ቁራጮች በተርታ ተደርድረዋል፤ ሳጥኗ ስትንሸራተት በእሷና በመዳቡ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ሙላት ይለዋወጣል፤ ያንን ቆጥራ ወደ ሚሊ ሜትር ትቀይረዋለች። የምትሠራው በትንሽ ክብ ባትሪ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ቁጥሯ አይጠፋም።

ገጠማውን ለመሞከር ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። ከሁሉ በፊት የማሽኑን ሶኬት ንቀሉ። ከመብሳታችሁ በፊት ከብረቱ ጀርባ ሽቦ አለመኖሩን እዩ። ረጅሙን ብረት በማይንቀሳቀሰው የማሽኑ አካል ላይ፣ ሳጥኗን ደግሞ ከሚንቀሳቀሰው ጠረጴዛ ጋር እሰሩ። ብረቱ ከጠረጴዛው እንቅስቃሴ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ከተጋደመ ቁጥሩ ይዋሻል። ማሰሪያው እንዳይወዛወዝ ወፈር ካለ ብረት ይሠራ። ቦታው ፍቅፋቂው ከሚወጣበት አፍ የራቀ፣ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የሚታይ ይሁን።

ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሳጥኗ እንቅስቃሴን ትቆጥራለች እንጂ ምላጩ የት እንዳለ አታውቅም። ስለዚህ ቁራጭ እንጨት ይላጋል፣ ውፍረቱ በካሊፐር በሁለቱም ጫፍ ይለካል፣ ያ ቁጥር ሳጥኗ ላይ እንዲያዝ ይደረጋል። ምላጭ በተቀየረ ቁጥር፣ ባትሪም በተለወጠ ቁጥር ይህ ይደገማል። ሌላም አለ። የመዘውሩ ጥርስ ትንሽ ላላ ስለሚል፣ የመጨረሻው እንቅስቃሴ ሁልጊዜ ጠረጴዛውን ወደ ላይ ማንሳት ይሁን። ካለፈ ዝቅ አድርጎ እንደገና ወደ ላይ መምጣት ነው።

ቁጥሯ እስከ 0.01 ሚሊ ሜትር ታሳያለች። አባቴ ይህን ሲያይ ሳቀ። «እንጨት እኮ ይተነፍሳል» አለኝ። እውነቱን ነው። በበጋ ደህና ሲዘጋ የነበረ በር ክረምት ሲገባ ለምን እንደሚጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። ስለዚህ እኛ ቤት ከነጥብ በኋላ የሚነበበው አንድ አኃዝ ብቻ ነው። የትኛው ጣውላ በደንብ እንደደረቀ፣ ጭረቱ በየት በኩል ቢገባ እንደማይቦጨቅ አሁንም የሚያውቀው የአባቴ እጅ ነው።

ወንድሜ የተስማማው በሁለት ደንብ ነው። በማሽኑ መጎተቻ ሮለሮች መካከል ካለው ርቀት ያጠረ ቁራጭ አይገባም፤ እንጨት ተመልሶ ሊወረወር ስለሚችል ከኋላው ሳይሆን ከጎን ይቆማል። አባቴ «ይህንን እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ» ብሎ ተቀበለ።

አሁን ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ይጽፋል። የዋንዛው ጠረጴዛ እግር ስንት እንደነበር ለማወቅ ማንም እሱን መጠበቅ፣ እሱም ማንንም መጠበቅ አላስፈለገውም። ወንድሜ ቅዳሜ ሲመጣ ደብተሩን ገልጦ ያንኑ ውፍረት ይደግማል፤ ስለ ሚሊ ሜትር የነበረው ክርክርም ቀርቷል።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችሁ ሥራቸውን ቀስ በቀስ የተዉ አባት ወይም እናት ይኖራሉ። «ይበቃዎታል፣ አርፈው ይቀመጡ» ከማለታችሁ በፊት አብራችሁ ቁሙና የቱ ጋ እንደሚቆሙ አስተውሉ። መርፌ ቀዳዳ ላይ ይሆናል፣ የምድጃው ቁልፍ ላይ ይሆናል፣ የስልኩ ፊደል ላይ ይሆናል። አንዳንዴ ያስቆማቸው ዕድሜ ሳይሆን አንዲት የማትታይ መስመር ናት።