የመገረፊያው ምሰሶ ሰፈር

ቦርሳችሁን አዝላችሁ ብራዚል ከገባችሁ ለሳልቫዶር ሦስት ቀን ስጧት። እ.ኤ.አ. በ1549 የተቆረቆረችው ይህች የባሕር ዳር ከተማ እስከ 1763 ድረስ የአገሪቱ መዲና ነበረች።

የመጀመሪያው ቀን ለፔሎሪኞ ይሁን። በድንጋይ የተነጠፈው ዳገትና ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ የተቀቡት ቤቶች ዓይን ይስባሉ። ስሙ ግን በፖርቱጋልኛ ሰው በአደባባይ ታስሮ የሚገረፍበት ምሰሶ ማለት ነው። እዚህ ባሮች ይገረፉ ነበር። ብራዚል ባርነትን የሻረችው በ1888 ነው።

እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ሰማያዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ባሮችና ነጻ የወጡ ጥቁሮች ማኅበር መሥርተው፣ ከጌቶቻቸው ሥራ በተረፋቸው ሰዓት ያቆሙት ነው። ማክሰኞ ማታ ጸሎቱ በከበሮ ይታጀባል፤ ቦታ እንድታገኙ ቀደም ብላችሁ ግቡ።

በሁለተኛው ቀን በላሴርዳ አሳንሰር ወደ ታችኛው ከተማ ውረዱ። ከ1873 ጀምሮ ሰው ሲያመላልስ የኖረ፣ 72 ሜትር ከፍታ ያለው ነው። ከሥሩ የእጅ ሥራ ገበያ አለ፤ ዋጋ መከራከር አትፈሩ።

ሦስተኛው ቀን የባሕሩ ነው። ሲርባችሁ ነጭ የለበሱ ሴቶች መንገድ ዳር የሚጠብሱትን አካራዤ ቅመሱ። ከተፈጨ ጥራጥሬ ተሠርቶ በፓልም ዘይት የሚጠበስ፣ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ይዘውት የመጡት ምግብ ነው።

ስትመለሱ ለልጆቻችሁ የቀለማም ቤቶቹን ፎቶ ማሳየታችሁ አይቀርም። የሰፈሩን ስም ትርጉምም አብራችሁ ንገሯቸው። ምሰሶው ዛሬ የለም፤ ታሪኩን የሚያስታውሰው ስሙ ነው።