«ለእርስዎ የተመረጠ»

ስልኬ የሰርግ ቤት ሆኗል። በከፈትኩት ቁጥር እልልታ ነው። አንዱ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሹሟል። ሌላዋ የግማሽ ቀን ሥልጠና ወስዳ የምስክር ወረቀቷን ከነማኅተሙ ለጥፋለች። ሦስተኛው ሌሊት በአሥር ሰዓት መነሳት ሰውን እንዴት ሚሊየነር እንደሚያደርገው ሊያስተምረኝ ይታገላል። እኔ ባደግሁበት አገር ሌሊት በአሥር ሰዓት የሚነሳው ገበሬው ነው፤ እስካሁን ሚሊየነር የሆነ አላየሁም።

ይኼ ሁሉ የሚመጣልኝ «ለእርስዎ የተመረጠ» ከሚል ጽሑፍ ስር ነው። ማን መረጠው? በምን መስፈርት? ዛሬ የምጣላው ከዚህ ሐረግ ጋር ነው።

ልብ አድርጉ፣ የማወራው ስለ ቀልድና ስለ ጭፈራ ገጽ አይደለም። እዚያ የሄደ ሰው ሊዝናና ነው የሄደው፤ ይዝናና። የማወራው ባለሙያን ከባለሙያ፣ ሥራ ፈላጊን ከቀጣሪ እናገናኛለን ስለሚሉት ነው። የዚህ ዓይነቱ ትልቁ ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2003 ተከፈተ፤ በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ። ያን ያህል ገንዘብ ለኮምፒውተሮቹ የተከፈለ አይመስለኝም። ሰዎች ሙያቸውን፣ ትምህርታቸውንና የሥራ ታሪካቸውን በገዛ እጃቸው ሞልተው ስላስረከቡት ነው። የእኛዎቹ አፖችም ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። ሙያህን ንገረኝ፣ ከተማህን ንገረኝ፣ የተመረቅክበትን ዓመት ንገረኝ ይሉሃል። ትነግራቸዋለህ። የሚያመጡልህን ስታይ ግን «እኔ የተናገርኩትን የሰማኝ ሰው ነበር?» ያሰኝሃል።

የእህቴ ልጅ ቁንዝላ ነው ያለው። ለማታውቋት፣ ቁንዝላ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስቶ ጎርጎራ የሚሄደው መርከብ ለብዙ ዓመታት እዚያ አድሮ ነበር የሚያልፈው። ከከተማዋ ደቡብ በኩል ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል። ልጁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣ ሀብትና ስለ እርጥብ መሬት ተምሮ ተመርቋል። እንግዲህ ሙያውና የሚኖርበት ቦታ ገጥመውለታል ማለት ነው፤ በአገራችን ይህ የሚገጥመው ስንቱ ነው? ሥራ ግን የለውም። ስልኩን አየሁት። አዲስ አበባ ላይ የሶፍትዌር ባለሙያ ይፈለጋል። አንድ ባንክ አዲስ ቅርንጫፍ ከፍቷል፣ እንኳን ደስ ያለን። በቃለ መጠይቅ ላይ እጃችሁን እንዴት እንደምታስቀምጡ የሚያሳይ ቪዲዮም አለ።

«ምን ቢያመጡልህ ደስ ይልሃል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሦስት ነገር» አለኝ። «በሙያዬ የወጣ ክፍት ቦታ፣ ሳይዘጋ። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ምን እንደገጠማቸውና ምን እንዳደረጉ። ሦስተኛውን ተወው።»

ሦስተኛውን ተውኩት። «ሳይዘጋ» ያላት ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣችም።

የሥራ ማስታወቂያ አጻጻፍ ታውቃላችሁ። «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን በመያዝ በአካል ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ።» አሁን አብረን እንቁጠር። ማስታወቂያው ሰኞ ጠዋት ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ይለጠፋል። ማክሰኞ አንድ ደግ ሰው በስልኩ ጠምዞ ያነሳዋል። ረቡዕ አንድ ቻናል ላይ ይወጣል፤ ሐሙስ አፑ ውስጥ ይገባል። እዚያ ከገባ በኋላ ደግሞ ማሽኑ ቁጭ ብሎ ሰው እስኪነካካው ይጠብቃል። ላይክ ሲበዛ፣ «ፍላጎት አለኝ» የሚል ኮሜንት ሲደረደር፣ «ይኼስ ተፈላጊ ነው» ብሎ ወደ ላይ ያወጣዋል። ቁንዝላ እሑድ ይደርሳል። ምዝገባው ዓርብ ማታ ተዘግቷል። ደግሞ በጊዜው ቢደርስ እንኳን «በአካል» ማለት ከቁንዝላ ለሚነሳ ሰው አንድ የሥራ ቀንና የመሳፈሪያ ገንዘብ ነው። አምስቱ ቀን ለእሱ አራት ናት።

የዕድር ጥሩምባ ነፊ ይህን ቢሠራ ምን እናደርገው ነበር? ጥሩምባ ነፊ የሚነፋው በዕድሩ ክልል ነው፤ የሚነፋውም ከቀብር በፊት ነው። ተነስቶ በሌላ ሰፈር የሞተ ሰው ብዙ ለቀስተኛ ስለወጣለት ብቻ በእኛ ሰፈር ቢለፍፍ፣ የጎረቤታችንን መርዶ ደግሞ ከሰልስቱ በኋላ ቢያመጣ፣ ዕድሩ ተሰብስቦ ይቀጣዋል። የስልካችንን ጥሩምባ ነፊ የሚቀጣው የለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልናገር። ማሽኑ ከብዙ ሺህ ጽሑፍ መሐል ጥቂቱን ለእናንተ ሲያወጣ ግምት ነው የሚያደርገው፤ ይህን ሰውዬ ባሳየው ይነካዋል? ላይክ ያደርጋል? ኮሜንት ይጽፋል? ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2020 አንባቢው ጽሑፉ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ ጭምር መቁጠር መጀመሩን ገልጿል። ፌስቡክ ደግሞ በ2018 ሰው የሚነጋገርበትን ነገር አስቀድማለሁ ብሎ ነበር፤ በ2021 የቀድሞ ሠራተኛዋ ፍራንሲስ ሆገን ይዛ የወጣችው የውስጥ ሰነድ፣ ቁጣና ንትርክ በዚያው በር እንደገባ የራሱ ተመራማሪዎች አስጠንቅቀው እንደነበር አሳየ። መለኪያው መነካካት ከሆነ የሚነካካ ነገር ይበዛል። ለዚህ ምርምርም አያስፈልገውም።

በእኛ አገር ግን ነገሩ ሌላ ጠማማነት አለው፤ ካሊፎርኒያ የተቀመጠ መሐንዲስ ሊያውቀው አይችልም፤ ቦሌ የተቀመጠው ግን ሊያውቀው ይገባ ነበር። ይሉኝታ ይባላል። አለቃህ ተሹሞ ላይክ ካላደረግክ ሰኞ ጠዋት በምን ዓይንህ ታየዋለህ? የአክስትህ ልጅ የምስክር ወረቀት ለጥፋ ዝም ብትላት ለፋሲካ እናትህ ቤት ስትገናኙ ምን ልትላት ነው? እናም ትጫናለህ። «እንኳን ደስ ያለሽ» ትላለህ። ማሽኑ ይህን ይሉኝታ ፍላጎት አድርጎ ይመዘግበዋል፤ «ይህ ሰው የምስክር ወረቀት ወዳጅ ነው» ብሎ በማግስቱ አሥር ይጨምርልሃል። አንተ ዕዳህን ከፈልክ፤ እሱ የጠየቅከው መሰለው። ደስታችሁን አትግለጡ እያልኩ አይደለም። ደስታ ግን የራሱ ጓዳ ይኑረው፤ የክፍት ሥራ ቦታ ላይ አይቀመጥ ነው የምለው።

እነዚህን አፖች የሚሠሩትን ስትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሰው የሚወደውን ነው የምናቀርበው።» እኔ ይህን መልስ አልቀበልም። ገበያ መሐል ሁለት ሰው ቢደባደብ ሁሉም ዞሮ ያያል። ዞሮ ስላየ ግን ድብድብ ሊገዛ ነው የመጣው አይባልም፤ ጨው ሊገዛ ነው የመጣው። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ በማግስቱ ጨውን ትቶ ተደባዳቢ ይዞ አይመጣም። አፕ ሠሪው ግን ይዞ ይመጣል፤ ምክንያቱም ትርፉ ከጨው ሽያጭ አይደለም፣ ዞሮ ከሚያየው ዓይን ነው። ወጪው ደግሞ የእኛ ነው። ኢንተርኔት በጥቅል የሚገዛ ሥራ ፈላጊ፣ ሳይነካው በራሱ የሚከፈተው ቪዲዮ ሁሉ ከኪሱ ይቆርጣል። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንደዚያ ከርሞ መስመር ላገኘ ሰው የመጀመሪያዋ ሜጋባይት በእጅ አቀማመጥ ትምህርት ስታልቅ ግፍ ነው።

አሁን ደግሞ የቁንዝላውን ባለሙያ በሌላ ወገን እንየው። ዝናብ ሲጠነክር፣ በተለይ ነሐሴና መስከረም፣ የጣና ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ወንዞቹ ይወጣል። ግልገል ዓባይ ከነዚህ አንዱ ነው። በወንዙ አፍ ላይ በዚያን ወቅት መረብ መዘርጋት የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ መልቀም ነው። አንድ ባለሙያ ስለዚህ ጉዳይ፣ ከአስጋሪዎቹ ጋር እንዴት እንደተነጋገረና ምን እንደተስማሙ ቢጽፍ ስንት ሰው ያነበዋል? አሥር ካነበበው ብዙ ነው። ሥራው የሚመለከታቸው ግን እነዚያ አሥሩ ናቸው። በላይክ ብዛት የሚመዝን ማሽን አሥሩን ከዜሮ አይለይም፤ ጽሑፉ በተወለደበት ቀን ይቀበራል፤ ጸሐፊውም ሁለተኛ አይጽፍም።

«ታዲያ ልጁን በጣና ዙሪያ ልታጥረው ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ገበሬውንም አስጋሪውንም ምን እንዳደረጋቸው እናውቃለን። ያው አረም ግን ከእኛ በፊት፣ በ1990ዎቹ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅን ሸፍኖ ነበር። እዚያ ተክሉን የምትበላ ጥንዚዛ ለቀውበታል፣ በማሽን አጭደውታል፣ በእጅ ነቅለውታል፤ የቱ እንደሠራና የቱ እንዳልሠራ የሚናገሩ ሰዎች ኪሱሙ አሉ። ለቁንዝላው ልጅ የኪሱሙ አስጋሪ ከቦሌው ባንክ ይቀርበዋል። ይህን ቅርበት በኪሎ ሜትር አትለኩትም፤ በሙያና በችግር ነው።

ስለ ፊደላችንም ሳልናገር አላልፍም። ዓሣ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቡት፤ ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ አሳ። ሥራ እና ስራ አለ። ጸሐፊ እና ፀሀፊ አለ። አንዱን ጽፎ የሚፈልግ ሰው ሌላውን አያገኝም፤ ሐ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ጸ እና ፀ በፍለጋ ጊዜ አንድ እንዲቆጠሩ ካልተደረገ በቀር። ይህን ማድረግ ለአንድ ፕሮግራመር የከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ለሰባ ዓይነት የአበባ ምልክት ጊዜ ያገኘ አፕ ለአራት ጥንድ ፊደል እንዴት ጊዜ ያጣል? በላቲን ፊደል የተጻፈውን አማርኛማ ተዉት።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚያናድድ ነገር ነው። የሚያስፈራውም አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ከማይናማር የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት መሐል በአንድ ቀን የተላለፉ 260 ያህል ሰዎች ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ወደነዚያ ካምፖች ከገቡት ብዙዎቹ ታይላንድ ውስጥ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ተብለው የሄዱ ልጆች ናቸው። እስቲ አስቡት፤ «ልምድ የማይጠይቅ፣ በዶላር የሚከፈል፣ ቪዛ በእኛ» የሚል ማስታወቂያና «የዓሣ ሀብት ባለሙያ፣ ብዛት 1፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት» የሚል ማስታወቂያ ጎን ለጎን ቢቀርቡ የትኛው ነው ኮሜንት የሚያገኘው? መነካካትን የሚቆጥር ማሽን ለአጭበርባሪ ነፃ ደላላ ነው። ድሮ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ክፍት ቦታ የሚያነብ ሰው ቢያንስ ማስታወቂያውን ያወጣው ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ማኅተምና የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነበረው።

ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ ለአገር ውስጥ አፕ ሠሪዎች ነው የምለው፤ ሌሎቹ አይሰሙኝም። ክፍት ቦታ በላይክ መደርደሩ ይቅር፤ በመዝጊያ ቀኑ ይደርደር፣ ቀኑ ያለፈውም ይነሳ። ቀጣሪው ማን እንደሆነ ሳይጣራ ምንም የሥራ ማስታወቂያ ወደ ላይ አይውጣ። የሥራ ቦታው በወረዳ ይጻፍ፤ «አማራ ክልል» ማለት ለቁንዝላ ሰው ምንም ማለት አይደለም። አንድ ሙያ ያላቸው ሰዎች የጻፉት ነገር መጀመሪያ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ይታይ፤ አንዱ ለራሱ ቢያስቀምጠው ወይም ለሌላው ቢልከው ከሃምሳ «እንኳን ደስ ያለህ» ይበልጥ ይቆጠር። «አይመለከተኝም» የምትለዋን ቁልፍ ስንጫን ደግሞ እባካችሁ ስሙን። እኔ አንዱ ላይ አርባ ጊዜ ተጭኛለሁ፤ ሌሊት በአሥር ሰዓት የሚነሳው ሰውዬ አሁንም አብሮኝ አለ።

የእህቴ ልጅና አብረውት የተመረቁ ልጆች በበኩላቸው አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተዋል። ላይክ የለም፤ ሰላምታም ከልክለዋል። አንዱ ክፍት ቦታ ሲያይ የመጀመሪያው መስመር ላይ የመዝጊያውን ቀን፣ ሁለተኛው ላይ ወረዳውን፣ ሦስተኛው ላይ በአካል ነው ወይስ በኢሜይል የሚለውን ይጽፋል። ቀኑ ሲያልፍ የለጠፈው ራሱ ያጠፋዋል። ባለፈው ስንደዋወል ሁለት ቦታ ወጥቶ ነበር፤ አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው ሐዋሳ። የባሕር ዳሩ ሐሙስ ይዘጋል፤ እሱም ረቡዕ ማለዳ ሊነሳ የመታወቂያውን ፎቶ ኮፒ የሚያነሳበት ቤት እየፈለገ ነበር።