በረኛው ከየት ይምጣ? ከኔልስፕሩት ቀይ ካርድ እስከ ፍኖተ ሰላም ሜዳ

ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ጂጋ ወይም ደምበጫ ሄዳችሁ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቆም ብላችሁ እዩ። ቡድን ሲከፈል መጀመሪያ የሚጠራው ጎል አግቢው ነው፤ ቀጥሎ አብዶኛው ይጠራል። ማንም ያልጠራው፣ መጨረሻ ላይ የተረፈው ልጅ «አንተ በር ቁም» ይባላል። በሩ ሁለት ድንጋይ ነው፤ አግዳሚ የለውም። አዝመራ ከተነሳ በኋላ ሜዳው ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ተወርውሮ ኳስ ያዳነ ልጅ ክርኑና ጉልበቱ ተልጦ ቤት ይገባል፣ ከእናቱም ቁጣ ይጠብቀዋል። በሀገራችን በረኛ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ተመርጦ ሳይሆን ተርፎ።

ይህንን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋልያዎቹ ጎል በተቆጠረባቸው ቁጥር ስፖርት አፍቃሪው ጣቱን የሚቀስረው በረኛው ላይ ነው። «በረኛ የለንም» የሚለው አባባል ከካፌ እስከ ስታዲየም የተለመደ ሆኗል። ግን በረኛ ከሰማይ አይወርድም። የለንም ከማለታችን በፊት ያሉን በረኞች ምን አይነት መንገድ እንደተጓዙ ማየት ያስፈልጋል።

የጥር 13 ቀይ ካርድ

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት፣ ምቦምቤላ ስታዲየም የሆነውን የሚረሳ የለም። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ያደረገችው ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ነበር። ቀኑም እንዲሁ ተራ ቀን አልነበረም። ልክ ከ51 ዓመት በፊት፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4ለ2 ረትተን ዋንጫ ያነሳንበት ዕለት ነው።

በመጀመሪያው አጋማሽ ሪጎሬ አገኘን፤ ሳላዲን ሰኢድ መታ፤ ኬኔዲ ምዌኔ አዳነበት። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ ቡናው በረኛ ጀማል ጣሰው ከበሩ ወጥቶ እግሩን ከፍ አድርጎ ሲገባ ኳሷን ሳይሆን ቺሳምባ ሉንጉን አገኘው። ዳኛው ቀይ ካርድ መዘዘ። ሀገር ሙሉ 31 ዓመት የጠበቀው ጨዋታ ለጀማል ከግማሽ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ አለቀ።

ዘሪሁን ታደለ ሳይሟሟቅ ገባ። አጋማሹ ሊያልቅ ሲል ኮሊንስ ምቤሱማ አገባበት። ከዕረፍት በኋላ ግን 10 ሰው የቀረው ቡድናችን አልተንበረከከም፤ አዳነ ግርማ አስቆጠረና 1ለ1 ተለያየን። ለቀጣዮቹ ቀናት የአብዛኛው ሰው ወሬ ግን አቻ መውጣታችን ሳይሆን የጀማል ካርድ ነበር። ሪጎሬ የሳተ አጥቂ «ዕድል ነው» ይባላል፤ የተሳሳተ በረኛ ግን ሀገር እንደሸጠ ይቆጠራል።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። በጥር 17ቱ የቡርኪና ፋሶ ጨዋታ አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። የእነሱም በረኛ አብዱላዬ ሱላማ ከሳጥን ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ወጣ። «አሁን ተራው የኛ ነው» ብለን ነበር። የተካው ዳውዳ ዲያኪቴ ግን አንድም ሳይገባበት ወጣ፤ ቡርኪናዎች በ10 ሰው ተጨማሪ ጎሎች አግብተው 4ለ0 አሸነፉን። ያው ተቀያሪ የተባለው ዲያኪቴ ቡድኑን ይዞ እስከ ፍፃሜው ዘለቀ።

በዚያው ቀን ዛምቢያዊው ምዌኔ ናይጄሪያ ላይ ሪጎሬ መትቶ አስቆጠረ። በረኛ ሆኖ! በአራት ቀን ውስጥ አንዱን ሪጎሬ አድኖ ሌላውን አገባ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው በረኛ ከቡድኑ ተነጥሎ እንደ ዘበኛ የሚቆም ሰው ሳይሆን እንደ ማንኛውም ተጫዋች ሲታመን ነው።

የኛ ሦስተኛ ጨዋታ ጥር 21 ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ነበር። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ህንፃ ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ፤ ቪክቶር ሞሰስም ሁለተኛውን ሪጎሬ አገባበት። በሦስት ጨዋታ ሁለት በረኛ በቀይ ካርድ ማጣት የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከበር መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደማይወጣ የሚያስተምር አሰልጣኝ ከልጅነት ጀምሮ ማጣትም አለበት።

ካርዱ አላስቀረውም

ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር አለ። ያቺ ቀይ ካርድ የጀማል ማብቂያ አልሆነችም። ዘጠኝ ዓመት አልፎ ጥር 2014 ዓ.ም. አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ለካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ከያዟቸው ሦስት በረኞች አንዱ ጀማል ጣሰው ነበር። ቋሚ ተሰላፊው ተክለማርያም ሻንቆ ቢሆንም፣ ሰው ጨርሶ የፈረደበት በረኛ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተግቶ እዚያ ዝርዝር ውስጥ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

የበረኛ ዕድሜ ከአጥቂ ዕድሜ ይለያል። ግብፃዊው ኢሳም ኤል ሀዳሪ ሰኔ 18 ቀን 2010 ዓ.ም. በሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከሳዑዲ ጋር ሲሰለፍ 45 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜው ሪጎሬ አዳነ። አጥቂ በ20 ዓመቱ ሊፈነዳ ይችላል። በረኛ ግን የሚበስለው ቆይቶ፣ ብዙ ጨዋታ ተጫውቶ፣ ተሳስቶ፣ ተሰድቦና ተመልሶ ነው። ሳይጫወት የሚበስል በረኛ የለም። ችግራችን የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው።

አምስት ዋንጫ፣ አምስት የውጭ በረኛ

እስቲ እንቁጠር። በ2009 ዋንጫውን ያነሳው ቅዱስ ጊዮርጊስ በሩን ያስጠበቀው ዩጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን ነበር። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሲሆን በሩ ላይ ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነበር። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ከኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፕ ኦቮኖ ጋር በላ። 2012 በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል ከነማ ከማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ጋር፣ በ2014 ፈረሰኞቹ ከዩጋንዳዊው ቻርለስ ሉኩዋጎ ጋር ዋንጫ አነሱ። ፍፃሜ ያገኙ አምስት ተከታታይ ውድድሮች፣ አምስቱም ሻምፒዮኖች ከውጭ የመጣ በረኛ!

በሰዎቹ ላይ ቅሬታ የለንም። ሳማኬ ለአፄዎቹ ያዳናቸውን ኳሶች የጎንደር ሰው አይረሳም። ክለቦቹም ቢሆኑ ውጤት ይፈልጋሉ፤ አሰልጣኝ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ ይባረራል፤ ስለዚህ የተዘጋጀ በረኛ መግዛት ይቀለዋል። ውጤቱ ግን አዙሪት ነው፡- ሀበሻው በረኛ ስለማይበቃ አይሰለፍም፤ ስለማይሰለፍም አይበቃም።

ጎጃም ላይ ሆናችሁ ስታዩት ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከፍኖተ ሰላም አስፋልቱን ይዞ ቡሬን፣ ኮሶበርን፣ ዳንግላን አልፎ ባሕር ዳር ለመድረስ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአካባቢው ልጅ ቅርቡ የፕሪምየር ሊግ ክለብ እዚያ ያለው ነው። ባሕር ዳር ከተማ በ2011 ሊጉን ሲቀላቀል ግን በሩን የሰጠው ለቤኒናዊው ሃሪሰን ሄሱ ነበር። በኋላ ላይ የብሔራዊ ቡድኑን ፋሲል ገብረሚካኤልን ማስፈረሙ ጥሩ ነው። ያም ቢሆን ከሌላ ክለብ የተዘጋጀ በረኛ ማምጣት ነው፤ ከምዕራብ ጎጃም ሜዳ ልጅ አንስቶ ማሳደግ አይደለም።

አርአያ የማየት ዕድሉም ጠቧል። ዋልያዎቹ ባሕር ዳር ላይ ደቡብ አፍሪካን ካስተናገዱ ከመስከረም 2014 በኋላ ካፍ ስታዲየሙን አገደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2ለ0 ያሸነፍንበት «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ያን ቀን ጎል ሳያስገባ የወጣው በረኛችን ከሀገር ውስጥ ሊግ የተገኘ መሆኑን ልብ በሉ። ይባስ ብሎ ከ2015 ጀምሮ ክልሉ ውስጥ በተነሳው ግጭት መንገድ በተዘጋ፣ ትምህርት በተቋረጠ ቁጥር የትምህርት ቤትና የወረዳ ውድድርም አብሮ ይቀራል። በረኛ ደግሞ ያለ ውድድር አይታይም። አጥቂ ሰፈር ውስጥ አብዶ ሰርቶ ስም ሊያወጣ ይችላል፤ በረኛን ግን የሚያሳየው እውነተኛ ጨዋታ ብቻ ነው።

መከልከል ብቻውን በረኛ አይወልድም

«የውጭ በረኛ ይከልከል» የሚለው ክርክር ደጋግሞ ይነሳል። ግብፅ ከልክላለች፤ ቻይናም ከ1993 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከልክላለች። ሁለቱን ብናስተያይ ግን ትምህርት አለው። ግብፅ የእነ ኤል ሀዳሪ ሀገር ናት። ቻይና ከልክላም የዓለም ዋንጫን ያየችው አንዴ፣ በ1994 ብቻ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ክልከላው ሳይሆን ከስር ያለው ስራ ነው።

ከስር ያለው ስራ ደግሞ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። በረኛ የሚማረው መጀመሪያ መውደቅን ነው። ለዚህ ከበሩ ፊት አንድ ቢያጆ አሸዋ ማፍሰስ ይበቃል፤ ክርኑ ካልተላጠ ልጁ ለመወርወር አይፈራም። አግዳሚ ያለው በር ከባሕር ዛፍ እንጨት ይሰራል፤ ጎጃም ባሕር ዛፍ አያጣም። ጓንት ለትምህርት ቤት አንድ ሁለት ጥንድ ነው። ዋናው ወጪ ሰው ነው፡- በዞን ደረጃ አንድ የበረኛ አሰልጣኝ፣ በየሳምንቱ እየዞረ ልጆቹን የሚያይ። ክለቦችም የበረኛ አሰልጣኛቸውን ለዋናው ቡድን ብቻ ከመያዝ ለታዳጊዎቹም ያውሉት። ከ20 ዓመት በታች ያለውን በረኛ በዓመት የተወሰነ ጨዋታ ያሰልፉት። ይሳሳታል፤ ይሳሳት!

ጀማል የተሳሳተው 31 ዓመት በጠበቅነው ጨዋታ፣ ዓለም እያየው ነው። በልጅነቱ የሚሳሳትበት በቂ ጨዋታ ያላገኘ በረኛ ስህተቱን ይዞ አፍሪካ ዋንጫ ይሄዳል። እኛም «በረኛ የለንም» እንላለን። የሌለን በረኛ አይደለም፤ በረኛ እስኪበስል የሚጠብቅ ክለብና የሚታገስ ደጋፊ ነው። ክለቡ በአሸዋና በአሰልጣኝ ይጀምር። ደጋፊው ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ ወጣቱ በረኛ ኳስ ሲያመልጠው ከመሳደቡ በፊት እስከ አስር ይቁጠር።