በኮምፒዩተር ድምፅ መሥራትን ለሚጀምሩ ልጆች ወላጆች

ልጅ ከዕለት ትምህርቱ ሌላ አንድ የእጅ ጥበብ ቢኖረው ለቤቱም ለአገሩም የሚጠቅም መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ በምዕራብ አዲስ አበባ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ በአየር ጤናና በቤቴል ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች፥ እንደዚሁም በሌላ ስፍራ ላሉት ሁሉ፥ ሲንተሳይዘር የተባለውን መሣሪያ በኮምፒዩተር ከፍቶ ድምፅን ከመነሻው ስለ መሥራት ጥቂት ልናስረዳ ወደድን።

ይህ መሣሪያ ቀድሞ ዋጋው የከበደ ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ሞግ የመጀመሪያውን መሣሪያውን በ1964 እ.ኤ.አ. ሠራ፤ ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያም ዲኤክስ 7 የተባለውን በ1983 እ.ኤ.አ. አወጣ። በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ይጫወቱ የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ሳሉ፥ በ1985 እ.ኤ.አ. ሸሞንሟናዬ የተባለውን ሥራቸውን ሲቀርጹ፥ ሞግንና ዲኤክስ 7ን ከአኮርዲዮን ጋር አስማምተው የአገራቸውን ዜማ ተጫውተውባቸዋል። መሣሪያው ከባሕር ማዶ ቢመጣም ጆሮው የአገሩን ዜማ ለሚያውቅ ሰው ይታዘዛል ማለት ነው።

ዛሬ ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይገኛል። ነገር ግን በውስጡ ተዘጋጅተው የተቀመጡት ድምፆች እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ፥ ጀማሪው ከእነርሱ አንዱን እየመረጠ ብቻ ይቀራል። ይህ በተውሶ ልብስ ሠርግ እንደ መሄድ ነው፤ ያንኑ ልብስ ሌላውም ለብሶት ይመጣል።

ስለዚህ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይማር። አንደኛው ኦሲሌተር ነው፤ እርሱም የድምፁ ምንጭ ነው። ሁለተኛው ፊልተር ነው፤ እርሱም የማይፈለገውን ድምፅ እንደ ወንፊት ያስቀራል። ሦስተኛው ኤንቨሎፕ ነው፤ እርሱም ድምፁ በምን ፍጥነት እንዲነሣና እንዲጠፋ ይወስናል።

እነዚህንም በሚያውቃቸው የአገሩ መሣሪያዎች ይለማመድ። ሳይን የተባለው ሞገድ ንጹሕ ስለ ሆነ፥ ጥቂት የትንፋሽ ሹክሹክታ ቢጨመርበት ወደ ዋሽንት ይቀርባል። የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ሞገድ ሸካራ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ በፊልተር ተቀንሶለት ቀስ ብሎ እንዲነሣ ቢደረግ ወደ መሰንቆ ይቀርባል። ክራር ግን ሲመታ ወዲያው ጮኾ ቶሎ ስለሚበርድ፥ መነሻውን ዜሮ፥ መብረጃውን ግማሽ ሰኮንድ ያህል ማድረግ ነው። በገና ከሁሉ ይከብዳል፤ ንዝረቱ ከአውታሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ ነውና፥ እርሱን ለመጨረሻ ያቆየው።

ከዚህም ሌላ ስለ ቅኝት ማሰብ ይገባል። የክራርና የመሰንቆ ተጫዋች አውታሩን በጆሮው ስለሚቃኝ፥ ድምፁ ከፒያኖው 12 እኩል ክፍሎች ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ልጁ ፒያኖውን ብቻ ቢከተል የትዝታ፥ የባቲ፥ የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ ለዛ ሳይታወቀው ከእጁ ያመልጣል። ሰርጅ ኤክስቲ ግን ሌላ ቅኝት የተጻፈበትን ፋይል ስለሚቀበል፥ ልጁ በጆሮው የሰማውን ሊያገኝበት ይችላል።

ስለ ቤት ሥርዓትም፥ ግድግዳው ከጎረቤት በተያያዘ ቤት ልጁ በጆሮ ማዳመጫ ቢሠራ መልካም ነው፤ ድምፁን ግን ዝቅ ያድርግ፥ የተጎዳ ጆሮ በቀላሉ አይመለስምና። ሰዓቱም ከትምህርቱ በኋላ በልክ ይወሰንለት።

እናንተም ወላጆች፥ ኮምፒዩተሩን አናውቀውም ብላችሁ አትራቁ። በሠርግ ላይ መሰንቆን፥ በዐቢይ ጾም በገናን የሰማችሁ እናንተ ናችሁ። ልጃችሁ የሠራውን ድምፅ ሲያሰማችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና ምን መሣሪያ እንደሚመስል ንገሩት። «ይህስ መሰንቆ አይደለም» ብትሉት አይከፋበትም፤ ተመልሶ ፊልተሩን ያስተካክላል።