ከግፊቱ በፊት መተላለፊያው ይፈተሽ፦ ስለ ውድድር ሮቦቶች የአየር ማስወንጨፊያ

የውድድር ሮቦት ኳስ እንዲወረውር ሲፈለግ በታመቀ አየር የሚሠራ ማስወንጨፊያ ከሚመረጡት መፍትሔዎች አንዱ ነው። የታመቀ አየር ቀስ ተብሎ ይጠራቀማል፤ በቅጽበትም ይለቀቃል። ይሁን እንጂ ውርወራው ከታሰበው ርቀት ሲያጥር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሰማው ሐሳብ አንድ ዓይነት ነው፤ ግፊቱ ይጨመር፣ ይህ ካልተቻለም ሲሊንደሩ በትልቅ ይተካ የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ግፊት ሳይሆን አየሩ በሚፈለግበት ቅጽበት ወደ ሲሊንደሩ የሚደርስበት መንገድ ነው። ስለሆነም ማናቸውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት፣ ውርወራው በሚካሄድበት ቅጽበት በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት መለካት አለበት።

በመጀመሪያ፣ ግፊትን የመጨመር መንገድ በአብዛኛው በውድድር ደንብ የተዘጋ ነው። ለምሳሌ በፈርስት ሮቦቲክስ ውድድር በማጠራቀሚያ ታንክ የሚያዘው አየር ከ120 ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ ሲሊንደሩን የሚያንቀሳቅሰው የሥራ ግፊት ደግሞ ከ60 ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ ማለትም ከ414 ኪሎፓስካል ገደማ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2014 በተካሄደው ውድድር ሮቦቶች ዲያሜትሩ 61 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ትልቅ ኳስ ይወረውሩ ነበር። አየርን የመረጡ ቡድኖች ሁሉ በአንድ የግፊት ጣሪያ ሥር ነበሩ፤ ስለዚህ አንዱን ከሌላው የሚያስበልጠው ነገር ከተፈቀደው ግፊት ሊመጣ አይችልም ነበር።

ታዲያ ስሕተቱ ከየት ይመነጫል? በክፍል ውስጥ የምንማረው ቀመር ገፊ ጉልበት የግፊትና የፒስተን ስፋት ብዜት ነው ይላል። ቀመሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው በዚያች ቅጽበት በሲሊንደሩ ውስጥ ስላለው ግፊት እንጂ በታንኩ ላይ ያለው መለኪያ ስለሚያሳየው ቁጥር አይደለም። ዕቃ ጨብጦ ለሚይዝ ወይም ቀስ ብሎ ለሚያነሣ ሲሊንደር ሁለቱ ግፊቶች ተቀራራቢ ናቸው። ለሚወረውር ሲሊንደር ግን እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። ኃይል ማለት በአንድ ሰከንድ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ጥያቄው ምን ያህል ግፊት አለ ብቻ ሳይሆን በስንት ጊዜ ይደርሳል ጭምር ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። የፒስተኑ ዲያሜትር 50 ሚሊሜትር፣ የጉዞው ርዝመት 200 ሚሊሜትር ይሁን። በ414 ኪሎፓስካል ገፊ ጉልበቱ 813 ኒውተን ያህል ነው፤ ግፊቱ እስከ መጨረሻው ካልቀነሰ የሚሠራው ሥራ 163 ጁል ገደማ ይሆናል። ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የሚይዘው አየር ወደ ከባቢ አየር ግፊት ሲመለስ 2 ሊትር ያህል ነው። ውርወራው በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ እንዲጠናቀቅ ከተፈለገ በሰከንድ 20 ሊትር አየር መግባት አለበት ማለት ነው። አሁን በመካከሉ አንድ አነስተኛ ቫልቭ አለ እንበል፤ ይህ ቫልቭ በእያንዳንዱ ባር ፍጹም ግፊት ቢበዛ በሰከንድ 1 ሊትር አየር ያሳልፋል። በምሳሌያችን ፍጹም ግፊቱ 5.15 ባር ስለሆነ ከዚህ ቫልቭ የሚገኘው ከፍተኛ ፍሰት በሰከንድ ከ5.2 ሊትር አይበልጥም። ይህ ከሚያስፈልገው ሩብ ያህሉ ነው። አየሩ በጠባቡ ቦታ የድምፅን ፍጥነት ከደረሰ በኋላ፣ ከቫልቩ ወዲያ ያለው ግፊት የቱንም ያህል ቢወርድ ፍሰቱ አይጨምርም። በዚህ ሁኔታ ሲሊንደሩን ወደ 63 ሚሊሜትር ማሳደግ የሚያስፈልገውን አየር በ1.6 እጥፍ ያህል ያበዛል፤ የሚገባው አየር ግን ያው ነው። ክብደትም ይጨምራል። ትልቁ ሲሊንደር የሚጠቅመው መተላለፊያው አስቀድሞ ሰፊ ከሆነ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው መንገዱን ማስፋት ነው። ከፍተኛ ፍሰት ያለው ቫልቭ መምረጥ፣ ወይም ሁለት ቫልቮችን ጎን ለጎን ማሠራት፣ ቱቦውን ማሳጠርና ማወፈር፣ ክርናማ መጋጠሚያዎችን መቀነስ ያስፈልጋል። በመስመሩ ላይ አንድ ጠባብ መጋጠሚያ ከቀረ የሌላው ሁሉ ስፋት ጥቅሙ ያንሳል። ከዚህም የሚሻለው በሥራ ግፊት የተሞላ ታንክን በሰፊ ቱቦ በቀጥታ ከሲሊንደሩ ጋር አገናኝቶ ፒስተኑን በሜካኒካዊ መቀርቀሪያ መያዝ ነው። ውርወራውን የሚያስጀምረው የመቀርቀሪያው መለቀቅ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ቫልቩ ማነቆ መሆኑ ይቀራል።

የታንኩ መጠንም ሊታሰብበት ይገባል። ሙቀት ለመለዋወጥ ጊዜ የለም ብለን ብናሰላ፣ የ0.5 ሊትር ታንክ የምሳሌያችንን ሲሊንደር ሲዘረጋ ግፊቱ ከ414 ወደ 127 ኪሎፓስካል ገደማ ይወርዳል፤ የሚገኘውም ሥራ 93 ጁል ያህል ነው። ታንኩ 2 ሊትር ቢሆን ግን የመጨረሻው ግፊት 299 ኪሎፓስካል፣ ሥራው ደግሞ 139 ጁል ገደማ ይሆናል። ግፊቱም ሲሊንደሩም ሳይለወጡ ሥራው በግማሽ ያህል አደገ ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ ከፒስተኑ ፊት ያለው አየር መውጫ ካጣ ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ የፊተኛው ክፍል ከውርወራው በፊት ባዶ መደረግ፣ ወይም በፍጥነት የሚያስወጣ ቫልቭ ሊገጠምለት ይገባል።

ከአየሩ መንገድ ቀጥሎ የሚመረመረው ክንዱ ነው። ክብደቱ በርዝመቱ እኩል የተሰራጨ 3 ኪሎግራም ክንድ በጫፉ 1.5 ኪሎግራም ኳስ ቢወረውር፣ ከእንቅስቃሴው ኢነርጂ ወደ ኳሱ የሚሄደው 60 በመቶው ነው። ክንዱ ወደ 1.5 ኪሎግራም ቢቀልል ድርሻው 75 በመቶ ይሆናል። ይህ አንድም ተጨማሪ አየር ሳይጠይቅ የኳሱን ኢነርጂ በሩብ ያሳድጋል።

ከእነዚህ መፍትሔዎች የትኛው ለየትኛው ሮቦት እንደሚበጅ የሚወስነው ግን ግምት ሳይሆን ልኬት ነው። አንድ የግፊት ዳሳሽ በታንኩ፣ ሌላውን በሲሊንደሩ ላይ ገጥሞ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ንባብ መመዝገብ ለተራ ማይክሮኮንትሮለር ከባድ ሥራ አይደለም። የሲሊንደሩ ግፊት ወርዶ የታንኩ ካልወረደ ማነቆው በመካከላቸው ነው። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ታንኩ አነስተኛ ነው። ሁለቱም ሳይወርዱ ውርወራው ካጠረ ችግሩ በክንዱ፣ በሰበቃው ወይም ኳሱ በሚለቀቅበት ማዕዘን ላይ ይፈለግ። ዳሳሽ ለጠፋበትም በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ የአንድ ዐሥረኛ ሰከንዱን ውርወራ በ24 ምስሎች ከፋፍሎ ያሳያል። የአምራቾች ሰንጠረዥ ይህን ሊተካ አይችልም። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያነሰ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ይቀንሳል፤ ታንኩም ለመሙላት ሰንጠረዡ ከሚለው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ጉዳዩን የውድድር ውጤት ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። በቅድመ ምረቃ ዘመኔ በተሳተፍኩበት አንድ ፕሮጀክት ውርወራችን ባጠረ ጊዜ ሲሊንደሩን አተለቅን፤ ለውጥ አላየንም። ቀጥሎ የግፊት መቆጣጠሪያውን ከተፈቀደው በላይ እንድናጠብቀው ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ሙከራ ቱቦው ከመጋጠሚያው ተመንጭቆ ወጣና የአንድ ጓደኛችንን መነጽር መታ። መነጽር ባያደርግ ኖሮ የሚመታው ዓይኑን ነበር። ከቀናት በኋላ መስመሩን ስንፈታው በቫልቩ መውጫ ላይ ከቱቦው እጅግ የጠበበ መጋጠሚያ አገኘን። እሱን ስንቀይር ኳሱ በተፈቀደው ግፊት የምንፈልገው ቦታ ደረሰ። ያን ቀን ያጣነው ግፊት ሳይሆን አንድ ልኬት ነበር።

የልኬት መሣሪያ ማዘጋጀት ጊዜ ይፈጃል፣ የውድድር ቀን ደግሞ አይጠብቅም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ሲሊንደር ገዝቶ፣ ገጥሞ፣ ፈትቶ መልሶ መግጠም የሚፈጀው ጊዜ ከዚያ አያንስም፤ ዕውቀትም አያተርፍም። ስለዚህ የፕሮጀክት አማካሪዎችና ገምጋሚዎች የሲሊንደሩን ስሌት ብቻ ተቀብለው እንዳያልፉ፣ ከማናቸውም የማሻሻያ ጥያቄ ጋር የግፊትና የጊዜ ግራፍ አብሮ እንዲቀርብ እንዲጠይቁ ሐሳቤን አቀርባለሁ። የግፊት ጣሪያው ተማሪን ከአደጋ ይጠብቃል፤ ኃይል ሌላ የት እንደሚባክን እንዲፈልግም ያስገድደዋል።