ሪሞቱ ሳይሞት ተዝካሩን የሚበሉ!

ሰው ሳይሞት ድንኳን አይተከልም። በከተማችን አንዳንድ ጋራዦች ግን የመኪና ሪሞት ገና ሲያጣጥር ለቅሶ ተቀምጠው ተዝካሩን ይበላሉ። የድግሱ ወጪ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አንባቢያን አታጡትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሞቱ ከርቀት መስማት ያቆማል፤ ሁለት ሦስቴ ካልተጫኑት፣ በሩ ሥር ካልተጠጉ እሺ አይልም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሰዓት ባትሪ የምንላት ጠፍጣፋ ክብ ነገር መድከሟ ነው። «ባለሙያው» ግን ገልበጥ አድርጎ ያይና፣ «ጋሼ፣ ቺፗ ተቃጥላለች፤ አዲስ ቁልፍ ገዝተው በኮምፒውተር ፕሮግራም እናድርግልዎት» ይላል። እኔንም ብሎኛል። ሪሞቱን ሳይከፍት ነው የሞት የምስክር ወረቀት የጻፈልኝ! ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ፣ ባትሪ ገዝቼ ራሴ ቀየርኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። ጎበዝ! ይህ ዕውቀት ማነስ ነው ወይስ ኪስ ማውለቅ?

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ለባለ ወንበሮች ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ ካቻቢቴ መጨበጥም ሹመት ኖሯል!

እንግዲህ የማይነግሩንን እኔ ልንገራችሁ። በብዙ ሪሞቶች ውስጥ ያለው ባትሪ ሲአር 2032 ይባላል። ቁጥሩ ምሥጢር አይደለም፤ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሲአር 2025 ውፍረቱ 2.5፣ ሲአር 2016 ደግሞ 1.6 ነው። ሁሉም 3 ቮልት ናቸው፤ ሆኖም ውፍረታቸው ስለሚለያይ «ያው ነው፣ ይሠራል» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። አሮጌው ላይ የተጻፈውን አይታችሁ ያንኑ ግዙ።

አከፋፈቱም ተአምር የለውም። የብዙዎቹ ሪሞቶች የብረት ቁልፍ ውስጣቸው ተደብቋል። እሱን አውጥቶ፣ የጠፍጣፋ ካቻቢቴን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በስንጥቁ በኩል ቀስ ብሎ መፈልቀቅ ነው። አሮጌው በየትኛው ፊቱ እንደተቀመጠ አይቶ አዲሱን እንደዚያው ማስገባት፣ ገጥሞ መጫን፤ አለቀ!

«ባትሪው ከወጣ ኮዱ ይጠፋል» የሚለውም ማስፈራሪያ በአብዛኞቹ መኪኖች አይሠራም። ሞተር እንዲነሳ የሚፈቅደው ቺፕ ጉልበቱን የሚያገኘው ከመኪናው እንጂ ከዚህች ባትሪ አይደለም። ስለዚህ ባትሪው ጨርሶ ቢሞት እንኳ በሩን በብረቱ ቁልፍ ከፍቶ፣ ሪሞቱን ሞተር ማስነሻው ቁልፍ ላይ አስጠግቶ መጫን ብዙዎቹን ያስነሳል። በሌሎቹ ማስጠጊያ ቦታው ሌላ ነው፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ውሃ የገባበት፣ እውነትም ቺፑ የተበላሸ ሪሞት የለም አልልም። ግን መጀመሪያ በአዲስ ባትሪ ይሞከራ! በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ጽፏል። ወረቀት ላይ ምን የሌለን ነገር አለ? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ መመሪያቸው በቻይንኛ የተጻፈ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየነዳን ነው። ባለቤቱ ማንበብ በማይችለው መጽሐፍ ላይ «ባለሙያው» እንደፈለገ ቢቀድስበት ማን ይታዘበዋል?

ከገንዘቡ የከበደ ነገርም አለ። ይህች ባትሪ ሕፃን ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች፤ «የሞተችውም» ጭምር። አሜሪካኖች ልጆች ሞተውባቸው ነው እ.ኤ.አ. በ2022 የባትሪው ክዳንና ማሸጊያ በልጅ እጅ እንዳይከፈት የሚያስገድድ ሕግ ያወጡት። አዲስ ቁልፍ ሊሸጥልን ከሚቸኩል ሰው መሐል ይህን የነገረን ማነው? አሮጌዋን መሳቢያ ውስጥ አትጣሏት፤ ልጅ ዋጣት ብላችሁ ከጠረጠራችሁም ለማስታወክ ሳትሞክሩ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ለጋራዥ ባለቤቶች ጥላቻ የለኝም፤ ለድካማቸው ዋጋ ይጠይቁ፣ እንከፍላለን። ለውሸታቸው ግን አንከፍልም! ከእንግዲህ «ተቃጥሏል» የሚላችሁ ሰው ፊታችሁ ይክፈተው፣ ባትሪውን ፊታችሁ ይቀይረው። እምቢ ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።